«እና?»

ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬ አጭር ልብ ወለድ የማይጽፍ ሰው ቢኖር ታንኳ ቀዛፊው ብቻ ነው፤ እሱም እጁ ስላልተፈታለት ነው።

አንድ ወዳጄ ለመጽሔት ያዘጋጀውን ድርሰት ጣና ዳር፣ የአሳ ጥብሱ እስኪደርስ አነበበልን። ታሪኩ ከመሃል ይጀምራል። ባለታሪኩ ስም የለውም። አራት ነጥብ የሚባል ነገር አልነካውም። የመጨረሻው ቃል «እና» ነው።

«እና?» አልኩት።

«አለቀ» አለኝ።

አብረውን የነበሩት የቅኔ መምህር ግን ጉዳዩን እንደዋዛ አላለፉትም። «ሰውየው ሞቷል» አሉ ፂማቸውን እያሻሹ። «አንድም አልሞተም፤ የሞተው ተራኪው ነው። አንድም ሁለቱም አሉ፤ የሌለው አንባቢው ነው።»

ወዳጄ ብዕሩን መዘዘ። «የኔታ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ!»

እንዲህ ያለውን አጻጻፍ «የፈረንጅ ቅዠት» የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። በአንድምታ ያደገ አገር አንድ ታሪክ ሦስት ፍቺ ቢኖረው ምን ያስደነግጠዋል? የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት ብንገልጥ ባዶ ቅጠል ላይ የርስት ውል፣ ኅዳግ ላይ የሌላ ሰው ማስታወሻ ተጽፎ እናገኛለን። አርጀንቲናዊው ኮርታዛር ምዕራፎቹ እየተዘለሉ የሚነበቡበትን ልብ ወለድ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ዓለም ተደነቀ። የእኛም ዳኛቸው ወርቁ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ «አደፍርስ»ን አሳተመ፤ አንባቢው ግን እስካሁን ግንባሩን እንደቋጠረ ነው።

ከዚያ ደራሲው አዳም ረታ መጣ። ልብ ወለድ ውስጥ የግርጌ ማስታወሻ ከተተ፤ «ሕጽናዊነት» ያለውን፣ ታሪክን ከታሪክ የሚያያይዝ ስልት ደግሞ ከሌላ ከየትም ሳይሆን ከእንጀራ ቀዳው። «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» ውስጥ በአንዱ ታሪክ በር ላይ ያለፈ ሰው በሌላው ታሪክ ቤቱን ከፍቶ ይቀበለናል። አዳም የድሮውን አጥር ቢነቅልም በቦታው የራሱን አጥሯል። የወዳጄ ድርሰት ግን ነቅሎ ሄደ። ይህን ስነግረው «አልገባህም» አለኝ። ልክ ነው፤ አልገባኝም። የገባቸው የኔታ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የነገሩን ከእሱ የተሻለ ታሪክ ነው።

የመጽሔት አዘጋጆች ሆይ፣ ነጥብ የሌለው ድርሰት ሲደርሳችሁ አትቆጡ። ጸሐፊውን ጠርታችሁ «ነጥቡ የት የት ይገባ ነበር?» በሉልኝ። ካወቀ አትሙለት።