ሰሚኮለን ለሰብሳቢው

እድሩ መዝገቡን ከደብተር ወደ ዳታቤዝ ሊያዞር ነው ተባለ። ሥራው የተሰጠው ልጅ ማይኤስኪውኤል ከፈተ፤ ነገር የማያሳልፉት ጋሼ ጸሐፊው መነጽራቸውን አጥልቀው አጠገቡ ተሰየሙ።

«ክሪኤት ዳታቤዝ እድር» ብሎ ጻፈና ኢንተር መታ። ጸጥ።

«ምነው ተኮራረፋችሁ?»

«ሰሚኮለን ረስቼ ነው። እሷ ካልገባች ትእዛዙ አላለቀም ብሎ ይጠብቃል።»

«ለሰብሳቢያችንም አንድ ግዛለት፤ ንግግሩ ሲያልቅ እንወቅ።»

«ይኸው፣ ተፈጠረ ጋሼ!»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ለጊዜው ባዶ ነው።»

«የካዝናችን መንትያ በለኛ!»

ልጁ «ዩዝ እድር» ብሎ ገባበትና የአባላቱን ሰንጠረዥ ጀመረ። «ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም፣ ሁለቱም ኖት ነል። ባዶ መተው አይቻልም።»

«ላስት ኔም ማነው? አባቴ ነው አያቴ?»

«የቤተሰብ ስም ነው።»

«እኔና ባለቤቴ ስንት ልጅ ድረን የጋራ ስም የለንም፤ አንተ ዛሬ ልታወጣልን ነው? ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በለው!»

አለው። (ደግ አደረገ። ሰንጠረዥ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለሰንጠረዥ አይቆረጥም።)

«የገቡበት ቀን?»

«ጥቅምት 30።»

ልጁ ሁለተኛ ወር፣ 30 ቀን ብሎ ቢያስገባ ማሽኑ እምቢ አለ። ዴት የሚባለው ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ የእነሱ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም።

«ጳጉሜንስ?»

«13ኛ ወር ጭራሽ አይቀበልም።»

«ጳጉሜን የሞተብን ሰው መስከረም እስኪጠባ ሊቆየን ነው? ማነው ይህን የፈለሰፈው?»

«በሰንጠረዥ የማስቀመጡን ሐሳብ ኤድጋር ኮድ የሚባል የአይቢኤም ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፈው።»

«እድር ገብቶ አያውቅም፤ ያስታውቃል።»

ቀኑ ወደ ፈረንጁ ተለውጦ እንዲቀመጥ፣ ሲታይ ግን በእኛው እንዲመለስ ተስማሙ። ስልክ ቁጥሩም ኢንት የሚባለው የቁጥር ዓይነት ፊት ያለችውን ዜሮ ስለዋጣት ቫርቻር ወደሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ተዛወረ።

ክፍያው ላይ ሲደርሱ ልጁ ኮራ አለ። «እያንዳንዱ ክፍያ በፎሪን ኪይ ከአባሉ መለያ ቁጥር ጋር ይታሰራል። መዝገብ ላይ በሌለ ሰው ስም ክፍያ ማስገባት አይቻልም።»

«ለገንዘብ ያዣችን ቀስ ብለህ ንገረው፤ ደም ግፊት አለበት።»

«ኦን ዲሊት ካስኬድ ካልኩ ደግሞ፣ አባሉ ሲሰረዝ ክፍያዎቹ አብረው ይጠፋሉ።»

«አንተ! የእኛ ሥራ እኮ ሰውየው ሲሞት ነው የሚጀምረው! ዕድሜ ልኩን የከፈለውን ከሬሳው ጋር ልትቀብረው?»

«እሺ፣ ሪስትሪክት ይሁን። ክፍያ የተመዘገበለት አባል አይሰረዝም።»

«የከፈለ አይሞትም?»

«ኧረ ጋሼ፣ ከመዝገቡ ነው ያልኩት!»

«ዝም በል! እኔ እንዳልኩት ለጥፈው፤ ውዝፍ ያለበት ሁሉ ነገ በጠዋት ይሰለፋል።»