አሥራ ሁለቱ ቁጡዎች ጋይንት ሲገቡ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ለሙግት ባይተዋር የሆነ ሽማግሌ ማግኘት ይቸግራል። ወሰን የተገፋበት አለ፤ ማሳው ላይ ከብት የተለቀቀበት አለ፤ ከውርስ የተነቀለ አለ፤ ይህ ሁሉ ያልደረሰበት እንኳ ለጎረቤቱ ምስክር ሆኖ ወረዳ ተመላልሷል። ነፋስ መውጫ ከልጃቸው ቤት የሚኖሩት አዛውንት ግን ከሁሉም ይብሳሉ። የወሰን ክርክራቸውን ከወረዳ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር እያደረሱ እስከ ሰበር ተሟግተዋል። መዝገቡ ሲዘጋ እፎይ ይላሉ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ተሸወደ። ረቱ፤ ግን ቀጠሮ የሌለው ኑሮ አልጥም አላቸው። ነፍስ የዘራባቸው ሕግ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ለእረፍት ስትመጣ በፍላሽ የያዘችው ፊልም ነው።

ፊልሙ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ይባላል፤ አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች እንበለው። ጥቁርና ነጭ ነው። ተኩስ የለበት፣ ፍቅር የለበት፣ የሚጋልብ ፈረስ የለበት። 96 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ሌላው በሙሉ የሚያልቀው ረጅም ጠረጴዛ በተዘረጋበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ የ18 ዓመት ልጅ አባቱን በጩቤ ገድሏል ተብሎ ተከሷል። ጥፋተኛ ከተባለ ሞት ይጠብቀዋል። አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት በር ተቆልፎባቸው ይመክራሉ፤ ውሳኔው ሙሉ ድምፅ ካላገኘ አይጸናም። አሥራ አንዱ እጃቸውን ለጥፋተኝነት ሲያወጡ አንዱ፣ ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ቁጥር ስምንት፣ እጁን አላወጣም። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ይኸን ታሪክ አንድ ጊዜ ያየ ሰው መጨረሻውን ያውቃል። ታዲያ እኚህ አዛውንት ለምን ደጋግመው ያዩታል? የቤቱ ሰው ሁሉ፣ በተለይ የድራማ ሰዓቱ የሚያልፍበት ልጃቸው፣ ይህን ጥያቄ ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም።

መጀመሪያ ላይ ምክንያቱ መብራት ነበር። ቁጥር ስምንት ኪሱ ገብቶ አንድ ነገር ሲያወጣ መብራቱ ሄደ። ያወጣው ምን ይሆን ሲባል ታደረ። በማግስቱ ከሥር ተጀመረ፤ ጩቤ ኖሯል። ዐቃቤ ሕግ «ወደር የለውም» ያለውን ጩቤ የሚመስል ሌላ ጩቤ ጠረጴዛው ላይ ሰካው። የቤቱ ልጆች አጨበጨቡ። ሽማግሌው አላጨበጨቡም።

«ይኸን ከየት አመጣው?»

«ገዝቶት ነው አባባ፣ ከሰፈሩ ሱቅ።»

«ዳኛ ሳያዝ? ሻጩ ሳይመሰክር? ይኸ ማስረጃ አይያዝለትም።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ግን እውነታቸውን ነው። በአሜሪካ ሕግ የጁሪ አባል ችሎት ላይ ከቀረበው ውጪ በራሱ ማስረጃ ሊያፈላልግ አይፈቀድለትም፤ የሕግ ሰዎች በዚህ ፊልም ላይ ከሚያነሷቸው ነቀፌታዎች ዋነኛው ይኸው ነው። እንግሊዝኛ የማይሰሙ የጋይንት ሙግተኛ በሁለተኛው እይታ ደረሱበት።

በሌላ ምሽት የተያዘው ጉዳይ የአንካሳው ምስክር ነበር። ይህ ምስክር የወደቀውን ሰው ድምፅ ሰምቼ ከአልጋዬ ተነሥቼ በ15 ሰከንድ በሩ ላይ ደረስኩ ብሏል። ቁጥር ስምንት እግሩን እየጎተተ ይለካውና 41 ሰከንድ ይወስዳል። ሽማግሌው በፊልም ልኬት ስላላመኑ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከመደቡ እስከ በሩ ሄዱ። ልጅቷ በስልኳ ቆጠረች። መሐል ላይ ረከቦቱን ነኩት፣ ሲኒ ተንኳኳ፣ «አይቆጠርም!» ብለው እንደገና ከመደቡ ተነሡ። ውጤቱ ሲነገራቸው ቅር አላቸው። ሰከንዱ ረዘመ፣ ሚስትየው ደግሞ ለቡና ሲጠሩ ከዚያ ይልቅ ይፈጥናሉ ስትል መሰከረችባቸው። ምስክሩ ግን በዚያች ምሽት ወደቀ።

ለነገሩ እሳቸው ያደጉበት የሙግት ወግ ራሱ ቴአትር ነበር። በላ ልበልሃ ሲባል ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ፣ ዘንግ ጨብጠው፣ ወደፊት ራመድ ወደኋላ መለስ እያሉ፣ ቤት እየመቱ ይሟገታሉ። አንዱ በማር፣ አንዱ በበቅሎ ይወራረዳል። ዳኛ ከጠፋ መንገደኛም ቢሆን ዛፍ ሥር ተቀምጦ «እግዜር ያሳይህ» ይባላል። ሊያዳምጥ የሚሰበሰበው ሰው የነገሩን ፍሬ ቀድሞ ያውቀዋል፤ የማን ላም የማን ማሳ እንደገባች መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። የሚመጣው ንግግሩን ለመስማት ነው። ማን አምታታ፣ ማን ጠልፎ ጣለ፣ የማን ምስክር ተፋለሰ። ፍርዱን አውቆ የሚሰማ ጆሮ ፍርዱን ከሚጠባበቅ ጆሮ ይልቅ ሥራ ይሠራል። ጋይንት የቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት አገር ነውና፣ ያንኑ ዜማ በየዓመቱ ሲሰማ «አምና ሰምቼዋለሁ» ብሎ ከማኅሌት የሚቀር የለም።

በዚህ ጆሮ ሲታይ ፊልሙ እየወፈረ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ዳኛው ስለ ሞት ፍርድ ሲናገር እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ነው፤ አንደኛው ዙር ላይ ማንም ልብ አይለውም። ተከሳሹ ልጅ ፊቱ የሚታየው ለአፍታ ነው፤ ልጁ ነጻ መውጣቱን አውቀው ሲያዩት ያቺ አፍታ ትረዝማለች። ቁጥር አራት፣ ያ የማይልበው ኩሩ ባለ መነጽር፣ አፍንጫውን ያሻል። ተራ ነገር ይመስላል። ኋላ ግን ግድያውን አየሁ ያለችው ሴት አፍንጫ ላይ የመነጽር ምልክት እንደነበረ የሚታወሰው በዚህች ማሻሸት ነው። በሊ ጄ. ኮብ የሚወከለው ቁጡው ቁጥር ሦስት ደግሞ የገዛ ልጁን ፎቶግራፍ ገና በጊዜው ያሳያል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀድደውን ማለት ነው። ሽማግሌው ይኸን በኋለኛው ዙር ሲያዩ፣ «ሰውዬው የሚሟገተው ከልጁ ጋር ነው እንጂ ከዚህ ልጅ ጋር ምን አለው» አሉ። በየዕድሩ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፤ በቤቱ የተኳረፈውን እድርተኛው ላይ ያወርደዋል።

አንድ ቀን ደግሞ «ቤቱ ጠበበ እኮ» አሉ። ልጅቷ ይኸን ስትሰማ ደነገጠች። የፊልሙ ዳይሬክተር ሲድኒ ሉሜት ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ መጀመሪያ ካሜራውን ከዓይን ከፍ አድርጎ፣ መሐል ላይ በዓይን ልክ፣ መጨረሻ ላይ ከሥር ወደ ላይ አድርጎ አነሣ። ሌንሱንም እያስረዘመ ሲሄድ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የቀረበ ይመስላል፤ ጣሪያውም ይታያል። ሁለት ሳምንት ልምምድ፣ ከሦስት ሳምንት ያነሰ ቀረጻ፣ 340,000 ዶላር ገደማ ወጪ። በዚያ ላይ ሰዎቹ በሙቀት ይነፍራሉ፣ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፣ ማራገቢያው አልሠራ ብሏል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ነፋስ መውጫ ውስጥ፣ የጉና ብርድ በበር ሥር እየገባ፣ ከሰል ከበው ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ይኸን ሲያዩ የተሰማቸው ግን ርኅራኄ አይደለም። ቅናት ነው።

ሙሉ ድምፅ የሚባለው ነገር ያከራከራቸው ብዙ ነው። በእኛ ፍርድ ቤት ዳኞች በአብላጫ ይወስናሉ፤ ያልተስማማው የልዩነት ሐሳቡን ጽፎ ያያይዛል። በድሮው ችሎት ደግሞ አስተያየት መስጠት የሚጀመረው ከታናሹ ነበር፤ ትልልቆቹ ቀድመው ከተናገሩ ታናሹ ምን ይላል? አቤት ብልሃት! ፊልሙ ውስጥ ቁጥር ስምንት ይህንኑ በሌላ መንገድ አመጣው። የእጅ ማውጣቱ ቀርቶ በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ ይሁን አለ። ወረቀቱ ሲገለጥ አንድ ተጨማሪ ሰው ተገኘ፤ ያውም ከሁሉም አዛውንቱ ቁጥር ዘጠኝ። ሽማግሌው በዚህ ቦታ ላይ ቀና ብለው ይቀመጣሉ። በየዙሩ።

ፊልሙ ለእይታ የበቃው ሚያዝያ 1949 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 16 ቀን፣ ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። ያ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳው የተደፈነው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ልጅቷ ይህን ስትነግራቸው በፍላሹ ውስጥ ያለውን ሌላኛውን ፊልም ልትከፍት እየተዘጋጀች ነበር።

ይኸኛው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገድላ ያመለጠች የ14 ዓመት ልጅና የተሟገተችላት ጠበቃ ታሪክ ነው። በ2006 በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አገኘ። በርሊን ከዚያ 57 ዓመት ቀደም ብሎ ለአሥራ ሁለቱ ቁጡዎች ወርቃማውን ድብ ሰጥታ ነበር። በ«ድፍረት» ላይ ሽማግሌው አልቀለዱም። የገጠሩ ሸንጎ ሲሰየም ግን ጆሯቸው ቆመ፤ አነጋገሩን፣ ሥርዓቱን፣ ተራ አጠባበቁን ያውቁታልና። መጀመሪያ ሲያዩ ከሸንጎው ሽማግሌዎች ጋር ነበሩ። እንደገና ሲያዩ የተጠለፈችው ልጅ ቃል እዚያ ሸንጎ ላይ አለመሰማቱን አስተዋሉ። «ተከሳሿን ሳይጠይቁ?» አሉ፤ ለሙግተኛ ከዚህ የከፋ ነውር የለም።

ይህን ፊልም እንደገና እንዲያዩት የሚያደርግ ሌላ ነገር አለ፤ ይህኛው የሆነው ከስክሪኑ ውጪ ነው። ነሐሴ 2006 ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ፣ እንግዳው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ቆመ። ስለ ፍርድ ቤት የተሠራ ፊልም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲታገድ ደራሲ ቢጽፈው «አበዛኸው» ይባል ነበር። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ታየ። በጥቅምት 2011 ደግሞ ሜሮን ጌትነት የወከለቻት ጠበቃ፣ መዓዛ አሸናፊ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን የሚያይ ሰው ጠበቃዋ በየቢሮው ደጅ ስትጠና ሲያይ በ2006 እንዳየው አያየውም። አንድ ክፈፍ አልተቀየረም እኮ።

ሽማግሌው ሁለቱንም ይወዷቸዋል፤ በአሜሪካው ላይ ግን ያልተዘጋ መዝገብ አላቸው። ልጁ ነጻ ወጣ፣ ሰዎቹ ኮታቸውን ለብሰው ደረጃውን ወረዱ፣ ሁለቱ ስማቸውን ተዋወቁ፣ አለቀ። ታዲያ ሟቹን ማን ገደለው? ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይጠራ፣ የቀረ ይቀጣ፣ ያየ የሰማ ምሎ ይናገር እንጂ እንዴት እንዲሁ ይበተናል? ደግሞስ ዐቃቤ ሕጉ የት አለ?

«ዐቃቤ ሕጉማ ተረታ፣ አባባ።»

«ይግባኝ ይበላ!»

«እነሱ ዘንድ ጁሪ ነጻ ካለው ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ማለት አይችልም። እኛ ዘንድ ነው የሚቻለው።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ወረዳ፣ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ ሰበር፤ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቀጠሮ ባንድ ከሰዓት በኋላ ተጠናቆ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው መሄዳቸው አልገባቸው አለ።

«ይግባኝ ከሌለው» አሉ በመጨረሻ፣ «በሉ እስቲ እንደገና ከሥር ክፈቱትና ዐቃቤ ሕጉ የቱ ላይ እንደተሸወደ እንይለት።»