የኢየሩሳሌም ኮርቻ

ኮርቻ ሻጭ ሁለት ደንበኛ አለው፤ አንዱ ባለ ኪስ፣ ሌላው ባለ ጀርባ። ለጋላቢው የተመቸው ፈረሱን ይገጥባል፤ ለሁለቱም የሚስማማው ደግሞ ኪስን ይገጥባል።

የኢየሩሳሌም የድሮው ከተማ ሁሉንም ዓይነት ጋላቢ አይቷል። በ1898 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ቄሣር ዳግማዊ ቪልሄልም ሲመጡ፣ በያፋ በር አጠገብ ግንቡ ተናደላቸው። ኮርቻን ከመውደዳቸው የተነሣ፣ ለጽሕፈት ጠረጴዛቸው እንኳ የኮርቻ መቀመጫ ነበራቸው። መቼም ወንበር አይገጠብም!

በ1917 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጄኔራል አለንቢ ከዚያው በር ደጃፍ ከፈረሳቸው ወርደው በእግራቸው ገቡ።

በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው ዴር ሡልጣን ያሉት መነኮሳታችን በየሆሳዕናው የሚያስቡት ግን ክርስቶስ በውሰት የተቀመጠበትን ውርንጫ ነው። ኮርቻው ደቀ መዛሙርቱ የጫኑበት ልብሳቸው ነበር፤ ስለ ዋጋው ወንጌላዊው አንዳች አልጻፈም።