የ25ኛው ቀን አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትልና በአካባቢዋ ክሊኒክ ከፍታችሁ የምታክሙ ሐኪሞች ሁሉ! «እኛ ግዛት የደመወዝ ግብር የለም» እያላችሁ በየሠርጉ ስትኩራሩ ሰምተናል። ክሊኒካችሁ ግን ቢ ኤንድ ኦ የሚባል ግብር አለበት። የሚሰላውም ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ገቢ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የነርስ ደመወዝ፣ የጓንት ዋጋ አይቀነስለትም። ከስረናል ብትሉትም አይሰማም።

ስለሆነም እኛ፣ ከመቀበያው መስታወት ኋላ የምንቀመጥ የሒሳብና የቀጠሮ ሠራተኞች፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። በየወሩ የሚያሳውቅ ክሊኒክ የወሩን ግብር እስከ ቀጣዩ ወር 25 ድረስ አሳውቆ ይከፍላል። በሩብ ዓመት ወይም በዓመት የምታሳውቁ ቀናችሁ ሌላ ነው፤ ጠይቁን። ስንነግራችሁ ግን ስልክ እያያችሁ አይሁን።

አንቀጽ 2። ስለ ሕመሙ ደረጃዎች። ቀኑ እንዳለፈ ቅጣቱ 9 በመቶ ነው። ቀጣዩ ወር ሳይከፈል ካለቀ 19፣ ሌላ ወር ከተጨመረ 29 ይደርሳል። ወለዱ ለብቻው ነው። ይህን ለማየት ራጅ መነሳት አያስፈልግም።

አንቀጽ 3። ሐኪሙ አዲስ አበባ ለሠርግ ሄዶ ክሊኒኩ ወሩን ሙሉ ተዘግቶ ቢከርምም፣ «ገቢ አልነበረም» ብሎ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ዝምታ እንደ ዜሮ አይቆጠርም።

አንቀጽ 4። በመስታወቱ ላይ «15 ደቂቃ ያረፈደ ታካሚ ቀጠሮው ይሰረዛል» የሚል ወረቀት ያስለጠፈ ሐኪም (ያስለጠፈው በማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል) ግብሩን ባሳለፈ ዕለት ወረቀቱን በገዛ እጁ ይልጣል። ስኮቹን ጭምር። የግፊት ኪኒናቸውን የረሱ አሮጊት ላይ «እማማ፣ በቀን አንዴ እኮ ነው! እንዴት ይረሳሉ?» ብሎ የተቆጣም፣ ግብሩ በወር አንዴ መሆኑን እማማ ባሉበት ጮክ ብሎ ያነባል። እሳቸውም እንደፈለጉ መገሠጽ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ የቀጠሮው ደቂቃ አይቆጠርም።

አንቀጽ 5። ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ልማድ፣ በተለይም «ሰኞ አየዋለሁ» የሚለው፣ ተሽሯል።

አንቀጽ 6። 25ኛው ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢውል እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ይታገሣል። የዚህ ወሩ ግን ማክሰኞ ነው፤ ዶክተር፣ አይተነዋል።