ዳኛው ከማን ኮረጀ?

የእግር ኳስ ዳኝነት ፈተናውን በአጤሬራ ያለፈ ሰው ምክንያት አያጣም። አንድ በአንድ ይደርድርልን፤ እኛም አንድ በአንድ እንመልስለት።

«ሕጉ እኮ 17 ብቻ ነው፤ ይሄ ሁሉ ፈተና ምን ያደርጋል?»

ትእዛዛቱም 10 ብቻ ናቸው፤ ስንቱን ጠበቅህ?

«ኳስ ሜዳ ነው ያደግኩት። ሕጉ በደሜ ውስጥ አለ።»

እስቲ ደምህን ጠይቅልን። አጥቂው ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ኳስ ቢደርሰው ኦፍሳይድ ነው? አይደለም፤ ከመልስ ምትና ከማዕዘን ምትም አይደለም። ተከላካዩ በእጁ የወረወረው ኳስ ማንንም ሳይነካ የራሱ መረብ ውስጥ ቢገባስ? «ጎል!» ካልክ ደምህን ላቦራቶሪ ውሰደው፤ መልሱ የማዕዘን ምት ነው።

«ፈተና ያለፈ ሁሉ ጎበዝ ዳኛ ይሆናል እንዴ?»

አይሆንም። እንግሊዛዊው ግራሃም ፖል በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ክሮኤሺያና አውስትራሊያ ሲጫወቱ ለጆሲፕ ሲሙኒች ሦስት ቢጫ ካርድ አሳይቷል። ሁለተኛውን በአውስትራሊያው 3 ቁጥር ላይ ስለመዘገበው፣ ልጁ መውጣት ሲገባው ሜዳ ውስጥ ቀረ። ዛምቢያዊው ጃኒ ሲካዝዌ ደግሞ በጥር 2022 ካሜሩን ላይ የማሊና የቱኒዚያን ጨዋታ በ85ኛው ደቂቃ ፊሽካ ነፍቶ አቆመው፤ አስቀጠለው፤ 90 ሳይሞላ ደግሞ ጨረሰው። በኋላ ሙቀቱ እንዳወከው ተናግሯል። እነዚህ ሕጉን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የሚያውቀው እንዲህ ከሆነ የማታውቀው አንተ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ልትበትነን ነው? ፈተናው ጎበዝ ነህ ብሎ አይፈርምልህም፤ ሕጉን ያልያዘውን ከበር ይመልሳል፣ ሥራው ያ ነው።

«በሩጫው ግን ማንም አይቀድመኝም።»

እናምንሃለን፤ እሱን የሚያስኮርጅ የለማ! የፊፋው የሩጫ ፈተና 40 ሜትርን 6 ጊዜ በፍጥነት፣ ከዚያም 75 ሜትር ሮጦ 25 ሜትር መራመድን 40 ጊዜ ያስደግማል። ሳንባህ ብርቱ ነው፤ ተባረክ። ሕጉን ሳያውቅ የሚፈጥን ዳኛ ግን ትርፉ ስሕተቱ ቦታ ከሁሉም ቀድሞ መድረስ ነው።

«ሕጉ በየጊዜው ይቀያየራል። ዛሬ ያጠናሁት ነገ ይሻራል።»

ፈተናው በየዓመቱ የሚደገመውስ ለምን መሰለህ? እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የመልስ ምት ከቅጣት ክልሉ ካልወጣ ኳሱ ጨዋታ ውስጥ አይቆጠርም ነበር፤ አሁን ተመትቶ ከተንቀሳቀሰ በቃ። በረኛው ኳስ ይዞ 6 ሰከንድ ሲያልፈው ቅጣቱ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነበር፤ ከ2025/26 ወዲህ 8 ሰከንድ ሲያልፈው ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል። አንተ ግን የአምናውን አጤሬራ ታጥፎ በኪስህ ይዘህ የዘንድሮን በረኛ በአምና ሕግ ትቀጣዋለህ።

«ሁሉም ይኮርጃል።»

22ቱም ተጫዋቾች ቢጠላለፉ ፊሽካህን ኪስህ ከተህ ትሄዳለህ? ሳይነኩት የወደቀውን አጥቂ «ዳኛ ልታታልል ሞከርክ» ብለህ በቢጫ ትቀጣዋለህ። ፈታኝ ላታለለ ዳኛስ ካርዱን ማን ያውጣ?

«ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው። ይሄ መኮረጅ ሳይሆን ማስታወስ ነው።»

ይቺን እንኳ አንተ ብቻ አትጠየቅባትም፤ ፈታኞችም ጠጋ በሉ። አንድን ወረቀት ዓመት ከዓመት የሚያባዛ ሰው ፈታኝ አይባልም፣ አከፋፋይ ነው። አገራችን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከኩረጃ ለማዳን ተማሪውን ሁሉ ጭና ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች፤ በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ሆኖ እውነቱ ወጣ። ለጥቂት ዳኞች ስልክ ደጅ ማስቀመጥ እንዴት ያቅታል? ጥያቄውን ቀይሩት። የጨዋታ ቅንጭብ አሳዩትና «ጥፋት ነው? ካርዱ ምን ዓይነት ነው? ጨዋታው በምን ይቀጥል? ለምን?» በሉት። «ሀ» እና «ለ» ከጎረቤት ወረቀት ይቀዳል፤ «ለምን» ግን በጨረፍታ አይቀዳም።

«እኔም እንደነ ባምላክ ተሰማ ዓለም አቀፍ ዳኛ እሆናለሁ።»

ሁን! ማን ከለከለህ? ባምላክ ለ2018ቱ የሩሲያ የዓለም ዋንጫ፣ ሊዲያ ታፈሰም ለሴቶች የዓለም ዋንጫ ተመርጠዋል። አንድ ነገር ግን እወቅ፤ ጥሪው የሚመጣው ለአንድ ሰው ነው። ያስኮረጀህን ልጅ በሻንጣ ይዘህ አትሄድም።

«ኧረ ተወኝ፤ የስታዲየሙ ካታንጋ ተመልካች እንደሆነ ባውቅም ባላውቅም ሌባ ማለቱ አይቀርም።»

እውነት ነው፣ አይቀርም። ያጠናውን ዳኛ ሌባ ሲለው ስም እያጠፋ ነው። አንተን ሲልህ ግን ምን እንደሰረቅህ አያውቅም እንጂ ስሙን አልሳተም።

ሕግ 5 በጨዋታው ውስጥ ለተከሰተው ሁሉ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ያንብብ ብንል በዛብህ? ስለዚህ ወንድሜ፣ ወይ መጽሐፉን አጥንተህ በራስህ እጅ ተፈተን፣ ወይ ፊሽካውን ለሚያውቅ አስረክብ።