ሆሳዕና የጀልባ ክለብ ያስፈልጋታል

ሆሳዕና ባሕር የላትም፤ ሐይቅም የላትም። ስለዚህ የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ክለብ እንዲቋቋምላት ለሚመለከተው አካል ሁሉ ሐሳብ አቀርባለሁ። «ውሃው የት አለና?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ለክለብ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጫወቻ ቦታ ይመስለዋል፤ የዋህ ነው። በእኛ አገር ክለብ ለማቋቋም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማኅተም ነው። ከዚያ ቦርድ፣ ከዚያ በጀት፣ ከዚያ ቲሸርት። መጫወቻው ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ ባይደርስም ሪፖርት ከመጻፍ የሚከለክል የለም።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ባሕር ኃይል ግን አላት፤ ፈርሶ የነበረው ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና ተደራጅቷል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችንን አልቀበልም ካለ በኋላ ለዓመታት «በሜዳው» የተጫወተው ሰው አገር ሄዶ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ የማይረሳ «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር።

የራሳችን ነብሮችስ? «ነብሮቹ» የሚባለው ክለባችን ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ በዚያው ዓመት ወረደ፤ በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። ከተማው «ተመስገን፣ አሁንስ በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ትልልቆቹን ቡድኖች በዓይናችን እናያለን» ብሎ ሳይጨርስ የ2013 ውድድር ደረሰ። ሊጉን የተረከበው አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን ሥርጭት መብቱን ለአምስት ዓመት በ22 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ጨዋታዎቹን በተመረጡ ከተሞች ሰበሰባቸው፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፤ ኋላም አዳማ። ሆሳዕና በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ የሆሳዕና ደጋፊ የገዛ ክለቡን «የሜዳ ጨዋታ» ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ፣ መግቢያ ከፍሎ፣ ከአርሰናል ደጋፊ ጋር አግዳሚ ወንበር ይሻማ ነበር። እግር ኳስ ያለ ሜዳ ከተቻለ፣ ጀልባ ያለ ውሃ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞስ ውሃ ጨርሶ የለም ማለት አካባቢውን መስደብ ነው። እዚሁ ሀዲያ፣ ሻሾጎ ወረዳ ውስጥ ቦዮ ሐይቅ አለ፤ ከደጋው የሚታጠበው አፈር እየሞላው ከዓመት ዓመት ወደ ረግረግነት ቢያዘነብልም ለምሥረታ በዓሉ ፎቶግራፍ ያህል አያንስም። ክረምት ሲጠና ደግሞ ወንዞቹ ሞልተው ጎርፉ የሻሾጎን ገበሬ ደጅ ድረስ ይመጣለታል፤ ጀልባ የማጓጓዣ ወጪ ይቀንሳል ማለት ነው። በቆላው በኩል በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ ተንጣሎ ተኝቷል። በከተማው ውስጥ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ቧንቧ የሚጠብቀው ነዋሪም ቢሆን ውሃን በጉጉት የመጠበቅ ልምድ አለውና ለደጋፊነት ሥልጠና አያስፈልገውም።

ወደ አደረጃጀቱ እንለፍ። በዓለም ላይ ካሉት የመርከበኞች ክለቦች ሁሉ አንጋፋ የሚባለው አየርላንድ፣ ኮርክ ውስጥ ያለው ነው፤ ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ1720 ይቆጥራል። በእነዚያ አገሮች የሰፈር የጀልባ ክለብ አሠራር በጣም ኋላ ቀር ነው። አባሉ መዋጮውን ከኪሱ ይከፍላል። ጀልባውን ራሱ ይቀባል። የውድድር ዳኝነቱን በየተራ ይሠራል፤ ዛሬ የተወዳደረው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዓት ያዥ ይሆናል። ማታ ክለቡ ውስጥ ተሰብስበው ለተሸነፈው እያዘኑ፣ ያሸነፈውን እያሙ ይጠጣሉ፤ ሒሳቡንም የጠጣው ይከፍላል። መቼም ይህ ለእኛ አይሆንም።

የጀልባ ክለብ አለቃ «ኮሞዶር» ይባላልና የእኛም ክለብ ኮሞዶር ያስፈልገዋል። ኮሞዶሩ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ከአስተዳደሩ ወንበር የሚመጡ ባለሥልጣን ይሆናሉ። ምክትላቸው ከፋይናንስ፣ ጸሐፊው ከገቢዎች፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ከወጣቶችና ስፖርት ይመደባሉ። ነፋስ በየት በኩል እንደሚነፍስ የሚያውቅ ሰው በቦርዱ ውስጥ እንዲኖር አይመከርም፤ ስብሰባ ያራዝማል። ኮሞዶሩ ከሥልጣናቸው ሲነሡ ኮሞዶርነቱም አብሮ ይነሣል፤ አዲሱ ተሿሚ በተሾሙ ማግስት ባሕርተኛ ሆነው ያድራሉ። በውሃ ስፖርት ዝምድና ነውር እንዳልሆነም አርአያ አለን፦ በ2008 ዓ.ም. ለሪዮ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ያሰለፍነውና ከሁሉም ኋላ የጨረሰው ዋናተኛ አባት የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

የቢሮው አቀማመጥም አያስጨንቅም። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን በአንድ ከተማ ሳይወስን ለበርካታ ከተሞች አከፋፍሏል። ክለቡም በዚሁ መንፈስ ማኅተሙን ሆሳዕና፣ ሸራውን ዱራሜ፣ ምሰሶውን ወራቤ፣ መልሕቁን ወልቂጤ ቢያስቀምጥ ማንም ቅር አይለውም። ጀልባው ለመገጣጠም ብቻ ትንሽ ነዳጅ ይፈጃል።

ተወዳዳሪዎቹን ከየት እናምጣ? ከሆሳዕና ልጆች እንዳይሆን እንጂ ከየትም ይሁን። በየሰፈሩ ያለው ልጅ በጨርቅ ኳስ አድጎ፣ የሚጫወትበት ባዶ ቦታ በካርታ ተመርቶ ፎቅ ሲቆምበት ከዳር ሆኖ ማየት ለምዷል፤ ጀልባውንም ከዳር ሆኖ ያያል። የሰለጠነው መንገድ ማስፈረም ነው። ለአንድ ዓመት ይፈርማል፣ የፊርማውን ይቀበላል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ክለብ ይሄዳል፤ በቦታው ከዚያ ከተማ የለቀቀው ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅተው ነበር። ጣሪያው ጥሩ ጣሪያ ነበር፤ ዝናቡ ግን በጎን መግባቱን አላቆመም። ለጀልባ ክለባችን ጣሪያ አያስፈልግም፤ ሰማዩ ሰፊ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ መምህራን ሆይ፣ የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ አደራችሁን እንዳትጨነቁ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ፣ በከምባታና በወላይታ ደሞዛችን ለወራት አልገባም ብላችሁ አቤት ስትሉ «የማዳበሪያ ዕዳ ነው» የሚል መልስ ተሰጥቷችሁ ነበር። ገበሬው የወሰደው ማዳበሪያ ሒሳቡ ከመምህሩ ጉሮሮ የሚወራረድበት ጥበብ ከተገኘ፣ የጀልባው ቀለም ከነርሷ ደሞዝ የሚታሰብበት መላ አይጠፋም። መዋጮው፣ እንደ ወትሮው፣ በሙሉ ፈቃደኝነት ይሆናል። ፈቃደኛ መሆናችሁን የምታውቁት የደሞዛችሁን ወረቀት ስታዩ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉ ምቀኞች ይኖራሉ፤ አትስሟቸው።

ስለ ውድድሩ ደንብ ጥቂት ልበል፤ የሸራ ጀልባ ደንብ ለእኛ የተሰፋ ይመስላልና። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱን በግራ ጎኑ የተቀበለው በቀኝ ጎኑ ለተቀበለው መንገድ ይለቃል፤ ማን ለማን እንደሚለቅ አስቀድሞ የተወሰነበት አሠራር እንግዳችን አይደለም። በብዙ የክለብ ውድድር ፈጣኑ ጀልባ ቀድሞ ስለገባ ብቻ አያሸንፍም፤ ለዘገምተኛው ማካካሻ ሰዓት ታስቦለት በስሌት አንደኛ ሊወጣ ይችላል፤ ጨረታና የሥራ ቅጥር የተከታተለ ሁሉ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ቅሬታ ያለው ጀልባ ቀይ ባንዲራ ይሰቅላል፤ «ክስ አስይዘናል» ማለትን ከእግር ኳሱ ስለተማርን እዚህ ላይ ዓለምን እንመራለን። አንድ ደንብ ብቻ ይሻሻል። ጥፋት የሠራ ጀልባ ማንም ሳያዘው፣ ዳኛም ሳያየው፣ እዚያው ሁለት ጊዜ ዞሮ ራሱን ይቀጣል ይላል። ይህ ከባህላችን ጋር አይሄድም። ጥፋተኛው ባለበት ይቆይና የጠቆመው ሰው ሁለት ጊዜ ይዙር።

የክለቡ እውነተኛ ሕይወት ግን ያለው ውሃው ላይ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ ነው። የምሥረታ ጉባኤው በሆቴል ይደረጋል፤ ውሎ አበል ይታሰባል፤ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይታደላል። የክብር እንግዳው ሁለት ሰዓት ዘግይተው ገብተው ስፖርት ለሰላምና ለወንድማማችነት ያለውን ፋይዳ ያስረዳሉ። ከዚያ የገቢ ማሰባሰቢያው ይቀጥላል። አንድ ቲሸርት ለጨረታ ይቀርባል፤ ነጋዴው ጎረቤቱ ከጠራው በላይ ይጠራል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፣ ካሜራው ይዞርለታል፤ ገንዘቡ ቃል እንደተገባ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በነጋታው የቦርዱ ልዑክ ለልምድ ልውውጥ ይነሣል፦ መጀመሪያ ሐዋሳ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ባሕር ዳር፣ በጀቱ ከፈቀደ ኮርክ። ሲመለሱ የሚያቀርቡት ሪፖርት «በጉዞው ላይ ውሃ መኖሩን አረጋግጠናል» የሚል ነው። የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲደርስ ደግሞ ለደጋፊዎች ማኅበር ዝግጅት የባህል ምግቡ አታካና ይቀርባል፣ ክትፎው ይወርዳል፤ ጀልባው ስለማይበላ አይጋበዝም።

ሆሳዕና ካቋቋመች ዱራሜ ዝም አትልም፤ ዝም ማለትም የለባትም። ክለብ የሌለው ዞን ምኑን ዞን ሆነ? የከምባታው ሀምበሪቾ በ2015 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ መግባቱን አረጋግጦ ዱራሜ በደስታ ስትናወጥ እናስታውሳለን፤ በ2016 ዓ.ም. ተጫውቶ በዚያው ወረደ። ስሙን ያገኘበትን ተራራ ለመውጣት 777 ደረጃ አለ፤ ክለቡ ግን ሲወርድ ደረጃም አልፈለገ። ዱራሜ የጀልባ ክለብ ካቋቋመች ሾኔ ትከተላለች፤ አንጋጫና ሺንሺቾ ሰልፍ ይወጣሉ፤ ሁሉም ቦዮ ላይ ተሰልፈው ያን የቀረውን ውሃ ሲካፈሉት ይታያል።

«ወጣቱስ ምን ይጠቀማል?» የሚል የመጨረሻ ጠያቂ ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው። የዚህ አካባቢ ወጣት ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ የሚገባ ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ በሚልከው ገንዘብ እዚህ ሆቴል ይሠራል፤ በሆቴሉ አዳራሽ ስለ ወጣቱ ተሳትፎ ጉባኤ ይደረጋል። ከዚህ በላይ ምን ተሳትፎ ይፈለጋል?

ሽሙጡ እዚህ ላይ ይብቃኝ። ኳስ የሚወድ ሕዝብ ክለብ ቢኖረው ደግ ነው፤ የሆሳዕና ደጋፊ ዝናብ ላይ ቆሞ የዘመረ፣ አዳማና ሐዋሳ ድረስ በራሱ ትራንስፖርት የተከተለ ደጋፊ ነው፤ የሚሾፍበት እሱ አይደለም። የሚሾፍበት፣ በእሱ ፍቅር ስም የመምህሩን ደሞዝ፣ የጤና ጣቢያውን መድኃኒት፣ የልጁን ሜዳ ለአንድ ዓመት ፊርማ ማዋል ነው። የሊጉ አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት በመንግሥት በጀት ወይም በመንግሥት ድርጅት ኪስ ነው፤ ሒሳባቸውን ግን ከፋዩ ሕዝብ አያየውም። ክለቡን የሚወድ በፈቃዱ አባል ይሁን፣ በፈቃዱ ያዋጣ፣ ባዋጣው ልክም ቦርዱን ይምረጥ፤ ሹመኛው ከወንበሩ ይውረድ። የመንግሥት ብር ለስፖርት ይውጣ ከተባለም መጀመሪያ የትምህርት ቤት ሜዳ ይጠረግበት፣ የታዳጊዎች አሰልጣኝ ይቀጠርበት።

የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ የመጪውን ዓመት በጀት ከማጽደቃችሁ በፊት የክለቡን ገቢና ወጪ በአደባባይ ለጥፉ። የሆሳዕናም የዱራሜም መምህር የወሩን ደሞዝ በእጁ ሳይቀበል አንድም ተጫዋች አታስፈርሙ።