ክንዱ ሲቆም

አዳማ ውስጥ ውሃ በሚያሽገው ፋብሪካችን ካርቶን የሚደረድር የሮቦት ክንድ አለ። አጥር የለውም፤ ሰው ከጎኑ ቆሞ ይሠራል። እንዲህ ላሉት ተባባሪ ሮቦቶች በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይሶ) ሰነድ፣ ክንዱ ሰው ቢነካ በየትኛው የአካል ክፍል ላይ ምን ያህል ኃይል ሊያሳርፍ እንደሚችል ወሰን አበጅቶለታል። ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመንካቱ በፊት ያለው ነው፤ ሊያደርግ የተነሳውን ነገር አጠገቡ ለቆመው ሰው በምን ይነግረዋል?

አንድ ሌሊት ክንዱ ካርቶን እንዳንጠለጠለ ቀጥ አለ። ቀይ መብራት በራ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ብቻ ነው። የቁጥሩ ፍቺ ያለበት መመሪያ የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ፣ ቁልፉ ሜካኒኩ ኪስ ውስጥ፣ ሜካኒኩ ሞጆ። ስንደውልለት «አጥፍታችሁ አብሩት» አለ። አጠፋን፣ አበራን። ክንዱ ካርቶን አነሳና መሐል መንገድ ላይ ለቀቀው። ጠርሙሱ ፈነዳ፣ ወለሉ በውሃ ተጥለቀለቀ፣ የፎርክሊፍቱ ሹፌር እርጥብ ላይ አልነዳም ብሎ ወረደ፤ መስመሩ ግን ካርቶን መግፋቱን አላቆመም።

ሁላችን እትዬ የምንላቸው፣ ፈረቃውን ሙሉ ከክንዱ አጠገብ የሚቆሙ እናት አሉ። «ቅድም ተናግሬ ነበር እኮ፤ ዛሬ ትንፋሹ ልክ አይደለም፤ ከታች ይፏጫል» አሉ። ክንዱ ካርቶን የሚይዘው በጎማ ከንፈሮች እየመጠጠ ነው፤ መምጠጫውን የሚያሠራው ደግሞ ከኮምፕረሰር የሚመጣ አየር። ቱቦውን በእጃችን እየዳሰስን ወረድን። ፓሌት የፈተገው ቦታ ላይ የጥፍር ያህል ስንጥቅ አገኘን፤ አየሩ መዳፍ ይገርፋል። በቴፕ ጠቀለልነው፤ ክንዱ ሥራውን ቀጠለ።

የሚናገር ሮቦትስ አይተናል፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ልጆች አማርኛ አስተምረዋት ስለነበር ኮርተናል፤ ልፋታቸውን ዛሬም አከብራለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ባክስተር የተባለው የፋብሪካ ሮቦት ደግሞ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ዓይኖቹን እጁ ወደሚዘረጋበት ቀድሞ ያዞር ነበር። እትዬ አጠገብ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ነው። ማሽኑን የሚገዙ ሰዎች ከዋጋው ቀጥለው ሊያደርግ ያለውን በምን እንደሚያሳይ ቢጠይቁ፣ ሲተክሉትም እሳቸውን ቢያማክሩ እላለሁ።

አሁን ዘወትር የሚወጡትን ቁጥሮች ፍቺ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፈን ምሰሶው ላይ ለጥፈናል። አየር ማነስን የሚያሳየው ቁጥር ጎን እትዬ «መጀመሪያ ፉጨት ስሙ» የሚል አስጨምረዋል። የቀሩትን ሜካኒኩ መመሪያውን ሲያመጣ እንጽፋለን።